በቤት ውስጥ በተገጣጠመ የጨዋታ ኮምፒዩተር የአየር ዝውውርና የማቀዝቀዣ አደረጃጀት




የዛሬው ንግግር ርእስ በመርሐ ግብሩ ላይ ሲነበብ ፈገግ ያሉ አባላት እንደሚኖሩ አይጠረጠርም። ስለ ግድብና ስለ ድልድይ፣ ስለ ማስተላለፊያ መስመርና ስለ ፋብሪካ በሚነገርበት መድረክ ላይ የወጣቶች መጫወቻ የሆነ ሳጥን መቅረቡ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሳጥኑ ተከፍቶ ሲታይ ውስጡ ያለው ችግር ለመሐንዲስ ከቶ እንግዳ አይደለም። የሙቀት ምንጭ አለ፤ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣ አየር አለ፤ አየሩን የሚገፋ ማራገቢያ አለ፤ የሚያግደውም ግድግዳ አለ። የማኅበሩ አባል የሆነ ሰው፣ የሙያ ዘርፉ ምንም ይሁን ምን፣ «እስኪ ይህን ነገር እይልኝ» ተብሎ ከወንድም፣ ከልጅ ወይም ከጎረቤት ሳይጠየቅ አይቀርም።

የሚጠየቅበትም ነገር የዋዛ አይደለም። የጨዋታ ኮምፒዩተር ዋና ዋና ዕቃዎች፣ ማለትም ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ፣ በአገር ውስጥ አይሠሩም። አንዳንዱ በዘመድ ሻንጣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ይመጣል፤ አንዳንዱም ከአዲስ አበባ ነጋዴ በውድ ዋጋ ይገዛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን ዋጋው ሽቅብ ወጥቷል። በሻንጣ የመጣ ካርድ ሲበላሽ ዋስትናው ባሕር ማዶ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ወጣት ለዓመታት ባጠራቀመው ገንዘብ የገጣጠመውን ኮምፒዩተር በሙቀት ምክንያት ቢያጣ የሚተካው በቀላሉ አይገኝም። ከዚህ የባሰው ግን፣ ካርዱ ሳይበላሽ ተበላሽቷል ተብሎ መጣሉ ወይም በርካሽ መሸጡ ነው። ይህ የሚደርሰው በአየር መንገድ ጉድለት የመጣ ሙቀት የዕቃ ሞት ተደርጎ ስለሚቆጠር ነው።

ሙቀት ለኮምፒዩተር አዲስ ጠላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 በፊላዴልፊያ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ ወደ 18,000 የሚጠጉ የቫኩም ቱቦዎች ነበሩት፤ ወደ 150 ኪሎ ዋት ኃይል ይፈጅ ስለ ነበረም ቱቦዎቹን የሚያቀዘቅዙ ትልልቅ ነፊዎች አብረው ተተክለውለት ነበር። ትራንዚስተር ሲመጣ ችግሩ ለጊዜው ረገበ እንጂ አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ክሬይ 2 ሰርኪዩቶቹ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተነክረው ይሠሩ ነበር። የግል ኮምፒዩተር ግን በዚያ ዘመን ገና ቀዝቃዛ ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የመጀመሪያው ፔንቲየም ወደ 15 ዋት ሲደርስ በላዩ ክንፍና አነስተኛ ማራገቢያ ማድረግ የተለመደ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2004 ፔንቲየም 4 ከ100 ዋት አለፈ። ቀድሞ ትራንዚስተሩ ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁም አብሮ ያንስ ስለ ነበር በስፋት መለኪያ የሚወጣው ሙቀት እምብዛም አይጨምርም ነበር፤ ይህንንም ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ጽፈውት ነበር። ይህ ደንብ ከ2000ዎቹ እኩሌታ በኋላ መሥራቱን አቆመ። ዛሬ ኮር አይ9 14900ኬ የተባለው ፕሮሰሰር እስከ 253 ዋት ይስባል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 ግራፊክስ ካርድ 450 ዋት፣ በ2025 የወጣው አርቲኤክስ 5090 ደግሞ 575 ዋት ተመድቦለታል።

ይህ ሁሉ ዋት ወዴት ይሄዳል ቢባል፣ መልሱ አንድ ነው፤ ወደ ሙቀት። ኮምፒዩተር ሸክም አያነሣም፤ ውኃ አይስብም፤ ከግድግዳው የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሞላ ጎደል ሙቀት ሆኖ ከክፍሉ አየር ጋር ይቀላቀላል። በጨዋታ ጊዜ 500 ዋት የሚፈጅ መካከለኛ ኮምፒዩተር ከእንጀራ መጋገሪያ የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ሰባተኛ ያህል ይሆናል። ልዩነቱ፣ ምጣዱ እንዲግል የተሠራ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንመለስ። አየር ሙቀትን ተሸክሞ የሚሄደው በይዘቱ ሳይሆን በክብደቱ ነው። አንድ ኪሎ ግራም አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ወደ 1,005 ጁል ይይዛል። የ500 ዋት ሙቀት የሚያወጣ ሳጥን ውስጥ የሚያልፈው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ከተፈለገ፣ በየሰከንዱ 50 ግራም ያህል አየር ማለፍ አለበት። እስከዚህ ድረስ በየትም አገር ያው ነው። ልዩነቱ የሚመጣው 50 ግራሙ ምን ያህል ቦታ ይይዛል ሲባል ነው። በባሕር ወለል ላይ፣ በ20 ዲግሪ፣ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 1.2 ኪሎ ግራም ነው፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው አየር በሰዓት ወደ 150 ሜትር ኩብ ይሆናል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት ወደ 0.9 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ያንኑ 50 ግራም ለማግኘት በሰዓት 200 ሜትር ኩብ ያህል አየር ማሳለፍ ግድ ይሆናል። አንድ ሦስተኛ ጭማሪ ማለት ነው።

የኮምፒዩተር አገጣጠም መምሪያዎች፣ የማራገቢያ አምራቾች ሰንጠረዦችና በየቋንቋው የሚሰጡት ምክሮች በአብዛኛው የተሰናዱት ለባሕር ወለል ቅርብ በሆኑ ከተሞች ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ የዓለም ሕዝብ ብዙው የሚኖረው በቆላ ነውና። ነገር ግን ምክሩ ሳይታረም አዲስ አበባ ሲደርስ አንድ ሩብ ያህል አየር ጎድሎበት ይደርሳል። ማራገቢያ በሰዓት የሚገፋው ይዘት በከፍታ ምክንያት እምብዛም አይለወጥም፤ በዚያው ዙር ፍጥነት ያንኑ ሜትር ኩብ ይገፋል። የሚቀንሰው በሜትር ኩቡ ውስጥ ያለው አየር ነው። የሚፈጥረውም ግፊት ከአየሩ እፍግታ ጋር አብሮ ይወርዳል።

ሁለተኛም ጉዳት አለ፤ ይኸውም ሙቀቱ ከብረት ክንፉ ወደ አየሩ የሚሻገርበት ቅልጥፍና መቀነሱ ነው። አየሩ በሩብ ሲሳሳ ይህ መሻገር እንደ ፍሰቱ ጠባይ ከ13 እስከ 20 በመቶ ይደክማል። ለምሳሌ አንድ ፕሮሰሰር በባሕር ወለል ላይ ከሳጥኑ አየር በ50 ዲግሪ በልጦ ይሞቃል እንበል፤ ከዚህም ግማሹ በክንፉና በአየሩ መካከል ያለ ልዩነት ይሁን። የቀረው ግማሽ በብረት ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነ ከፍታ አይነካውም። ያኛው 25 ዲግሪ ግን በአዲስ አበባ ከ29 እስከ 31 ይደርሳል። በዚህ ላይ የሳጥኑ አየር ራሱ በ10 ፈንታ በ13 ዲግሪ ይሞቃል። ተደምሮ ከ7 እስከ 9 ዲግሪ ይሆናል። የዳታ ማእከል መሐንዲሶች ይህን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል፤ አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር በሚያወጣው መመሪያ፣ ለተለመዱት የሰርቨር ደረጃዎች የሚፈቀደው ከፍተኛ የመግቢያ አየር ሙቀት ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ በአንድ ዲግሪ እንዲቀነስ ተደንግጓል። ለአዲስ አበባ ይህ ወደ 5 ዲግሪ ይመጣል። የጨዋታ ኮምፒዩተር ሳጥን ላይ ግን እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ፍርድን ሚዛናዊ ለማድረግ የደጋው አየር የሚመልሰውንም መቁጠር ይገባል። የዕቃው ሙቀት የክፍሉ ሙቀትና የጭማሪው ድምር ነው። በአዲስ አበባ በአንድ ተራ ክፍል ውስጥ ምሽት ላይ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ማግኘት የተለመደ ነው፤ በድሬዳዋ ወይም በሰመራ ያለ ማቀዝቀዣ ይህ አይታሰብም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖችም በበጋ ወራት ማቀዝቀዣው የጠፋበት ክፍል ውስጥ ኮምፒዩተር ቢከፍቱ፣ አየሩ የታፈገ መሆኑ ከክፍሉ ሙቀት አያድናቸውም። ስለዚህ ከፍታ ጥፋት ነው ማለት አይቻልም። ዕዳም ነው፤ ብድሩንም በከፊል ይመልሳል። የሚያሳስበው ዕዳው መኖሩ ሳይታወቅ መቅረቱ ነው።

ወደ ሳጥኑ ስንገባ አስቀድሞ የሚገጥመው አንድ የተስፋፋ አባባል አለ፤ «ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ማራገቢያው ሁሉ ወደ ላይ ይንፋ» የሚል ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ መውጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን ቁመቱ ግማሽ ሜትር በሆነ ሳጥን ውስጥ አየሩ በ10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በዚህ የተነሣ የሚገኘው ግፊት 0.15 ፓስካል ያህል ብቻ ነው። ተራ የ120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ በሙሉ ፍጥነት ከ10 እስከ 20 ፓስካል ሊፈጥር ይችላል። መቶ እጥፍ የሚበልጥ ግፊት ባለበት ቦታ የጢስ ማውጫ ሕግ ድምፅ የለውም። አየሩን የሚመሩት ማራገቢያዎቹና ቀዳዳዎቹ ናቸው። የማራገቢያውን አቅጣጫ ለማወቅም ቀላል ዘዴ አለ፤ በአብዛኛው ማራገቢያ አየሩ የሚወጣው ሞተሩን የሚደግፉት እግሮች ባሉበት በኩል ነው። ይህን ባለማየት ብቻ የኋላው ማራገቢያ ወደ ውስጥ እየነፋ ከፊተኞቹ ጋር ሲታገል የተገኘባቸው ሳጥኖች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም።

የአየሩ መንገድ ከፊት ወደ ኋላ መሆኑ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንቴል ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው ደንብ በመጀመሪያ ያሰበው የፓወር ሰፕላዩ ማራገቢያ አየር ከውጭ ስቦ በፕሮሰሰሩ ላይ እንዲነፋ ነበር። ነገር ግን ያ አየር በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ አልፎ ሞቆ የሚመጣ ስለ ነበር ሐሳቡ ብዙም ሳይቆይ ተገለበጠና ማራገቢያው ሙቁን አየር ወደ ውጭ የሚያስወጣ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2003 ይኸው ድርጅት አቀማመጡን በአየር መንገድ ላይ የተመሠረተ ለማድረግ ቢቲኤክስ የሚባል ሌላ ደንብ አቅርቦ ነበር፤ ገበያው ስላልተቀበለው በ2006 ተወው። ስለዚህ ዛሬም የሚሠራበት የ1995ቱ አቀማመጥ ነው፤ የዚያን ጊዜ አሳቢዎች ግን 450 ዋት የሚፈጅ ካርድ በሳጥኑ ወገብ ላይ ይንጠለጠላል ብለው አልገመቱም።

በዚህ አቀማመጥ ውስጥ ሁሉን የሚወስነው የፊት ግድግዳው ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ፊቱ በጥቁር መስታወት የተዘጋ ሳጥን ፋሽን ሆኖ ቆይቷል። አየሩ የሚገባው በመስታወቱ ጎንና ጎን በተተወው ቀጭን ክፍተት ነው። ክፍተቱ በሁለቱም ጎን 1 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረው ጠቅላላው 80 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከኋላው የተደረደሩት ሦስት የ120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያዎች ክብ ስፋት ግን ወደ 340 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። መግቢያው ከማራገቢያው ሩብ እንኳ አይሞላም። በአፍንጫው ሲጫን ትንፋሽ እንደሚያጥረው ሰው፣ ማራገቢያው ይጮኻል እንጂ አየር አያገኝም። እንዲህ ላለው ሳጥን ተጨማሪ ማራገቢያ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ የፊቱን መስታወት ማንሳት ወይም በወንፊት መተካት ይበልጣል። ዕቃ ለመግዛት ገና በዝግጅት ላይ ላለ ሰው ደግሞ፣ ከመብራትና ከመስታወት ይልቅ ወንፊት ፊት ያለውን ሳጥን እንዲመርጥ መምከር ይገባል።

ፊቱ ክፍት ከሆነ የቀረው አደረጃጀት ብዙ ምሥጢር የለውም። ከፊት ሁለት ወይም ሦስት አስገቢ፣ ከኋላ አንድ አስወጪ ማራገቢያ ለአብዛኛው ኮምፒዩተር በቂ ነው። አምራቹ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ ብሎ የጻፈው ምንም በማይጋርደው ቦታ የተለካ ነው፤ ማጣሪያ ከፊቱ፣ ሽቦና ካርድ ከኋላው ሲኖር ግማሹን ማግኘት ጥሩ ነው። ስለዚህ ሦስት ማራገቢያ በግምት 150 ሜትር ኩብ ቢያስገባ፣ ይህ በባሕር ወለል ለ500 ዋት 10 ዲግሪ፣ በአዲስ አበባ 13 ዲግሪ ማለት ነው። በጣራው ላይ አስወጪ የሚጨምር ሰው ወደ ኋለኛው ጥግ ያስጠጋው፤ ወደ ፊት ከቀረበ ከፊት የገባውን ቀዝቃዛ አየር ፕሮሰሰሩ ጋ ሳይደርስ ከአፉ ይነጥቀዋል።

ግራፊክስ ካርዱ የተለየ ትኩረት ይሻል፤ ከሙቀቱ ብዙውን ድርሻ የሚይዘው እርሱ ነውና። የዛሬ ካርዶች አብዛኞቹ ማራገቢያቸው ወደ ታች የዞረ ሆኖ ሙቁን አየር በዚያው ሳጥን ውስጥ ይበትኑታል፤ ያም አየር ሽቅብ ወደ ፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ይሄዳል። ስለዚህ ዝቅተኛው የፊት ማራገቢያ፣ ከተቻለም ከወለሉ የሚስብ ሌላ ማራገቢያ፣ ለካርዱ ሆድ ንጹሕ አየር እንዲያቀርብ ያስፈልጋል። ካርዱን ለውበት ብሎ አቁሞ ከጎን መስታወቱ ጋር ማጣበቅ ከሁሉ የከፋ አቀማመጥ ነው። ፓወር ሰፕላዩ አየር የሚስበው ከታች በመሆኑም ሳጥኑ በወፍራም ምንጣፍ ላይ መቀመጥ የለበትም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙ ቤት ኮምፒዩተሩ የሚቀመጠው በምንጣፍ ላይ፣ ያውም ከሶፋው ጎን ተወሽቆ ነው።

ስለ አቧራ ሲነሳ ከላይ የተባለው ሁሉ አገርኛ መልክ ይይዛል። በአዲስ አበባ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ደረቅ ወቅት፣ በዚያም ላይ ያላባራው የግንባታና የመንገድ ሥራ፣ ማጣሪያን በጥቂት ሳምንታት ይደፍናል። አስገቢው ከአስወጪው በትንሹ ከበለጠ የሳጥኑ ውስጣዊ ግፊት ከውጭው ስለሚልቅ አየሩ በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ አቧራ ይዞ አይገባም፤ የሚገባው በማጣሪያው በኩል ብቻ ይሆናል። አስወጪው ከበለጠ ግን ሳጥኑ በየቀዳዳው አቧራ ይምጋል። የዚህ ጥቅም በንጽሕና እንጂ በቅዝቃዜ አይደለም፤ በዲግሪ ረገድ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ኢምንት ነው። ማጣሪያው በየወሩ በውኃ ታጥቦ፣ ፈጽሞ ደርቆ ይመለሳል። ክንፎቹን ለማጽዳት ሳጥኑን ወደ ጎሚስታ ወስዶ በጎማ መንፊያ ማስነፋት የተለመደ ሆኗል። የጎሚስታው አየር ብዙ ጊዜ የውኃ ጠብታና የዘይት ብናኝ የተቀላቀለበት ነው፤ ግፊቱም ማራገቢያውን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ሊያሽከረክረው ይችላል። አነስተኛ የእጅ ነፊ ወይም ለስላሳ ብሩሽ ይሻላል፤ በሚነፋበትም ጊዜ የማራገቢያው ምላስ በጣት መያዝ አለበት።

በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ስለሚቀባው ፔስት ከሚገባው በላይ ተብሏልና እዚህ አጭር ይሁን። ሁለት የብረት ገጾች ምንም ቢለሰልሱ በመካከላቸው አየር ይቀራል፤ አየር ደግሞ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ከ10,000 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ፔስቱ የሚያስፈልገው ያንን አየር ለማስወጣት ብቻ ነው። የሽምብራ ፍሬ ያህል መካከል ላይ አድርጎ ማቀዝቀዣውን በሰያፍ ብሎኖቹን እያፈራረቁ ማጥበቅ ይበቃል። በማቀዝቀዣው መዳብ ላይ የተለጠፈውን ስስ ላስቲክ ሳያነሡ መግጠም ግን በልምድ ባለሙያዎች ላይ እንኳ የሚደርስ ስሕተት ነው።

በፈሳሽ ስለሚሠራው ማቀዝቀዣም ብዙ ይጠየቃል። ፈሳሹ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወስዶ ራዲያተሩ ጋ ያደርሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው የአየር ነው፤ የከፍታውም ዕዳ ይከተለዋል። ራዲያተሩ ከፊት ቢደረግ ለፕሮሰሰሩ ይመቻል፤ ካርዱ ግን የሞቀ አየር ይደርሰዋል። ለጨዋታ የሚደክመው ካርዱ ስለሆነ ከጣራው ላይ ማድረግ ይመረጣል፤ በተጨማሪም ፓምፑ የዑደቱ ከፍተኛ ቦታ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል፤ የአየር አረፋ ወደዚያ ይሰበሰባልና። ፓምፑ ሲሞት በአገር ውስጥ የሚጠግነው እምብዛም አይገኝም። ጥሩ የሙቀት ቧንቧዎች ያሉት የአየር ማቀዝቀዣ ግን ከማራገቢያው በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ ማራገቢያውም በማናቸውም የ120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ ይተካል። ዕቃ በማይገኝበት ቦታ ይህ ትልቅ ሚዛን ነው።

በመጀመሪያ ወደ ተነሣው አደጋ ስንመለስ፣ ሙቀት ዛሬ እንደ ድሮው ዕቃ አቃጥሎ አይታይም። ፕሮሰሰሩ ከተወሰነለት ገደብ ሲደርስ፣ ይህም በአብዛኞቹ ከ89 እስከ 100 ዲግሪ ነው፣ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ካርዱም እንዲሁ ያደርጋል። ባለቤቱ የሚያየው ጨዋታው ከሃያ ደቂቃ በኋላ መንቀርፈፉን፣ አልፎ አልፎም ኮምፒዩተሩ በድንገት መጥፋቱን ነው። ወደ ጥገና ቤት ሲወስደው እዚያ ለአምስት ደቂቃ ተከፍቶ፣ ጎኑ ተነሥቶ ሲታይ ደኅና ይሠራል፤ ቤት ሲመለስ ያው ይሆናል። በሦስተኛው ምልልስ «ካርዱ አልቆለታል» የሚለው ፍርድ ይመጣል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ካርድ በመለዋወጫ ዋጋ የሚሸጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህን ፍርድ ከመስጠት በፊት አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሙከራ አለ። ቴርሞሜትር በሳጥኑ መግቢያ ፊት ተቀምጦ የክፍሉ ሙቀት ይጻፋል። ከዚያ ጎኑ እንደ ተዘጋ ከባድ ጨዋታ ለ30 ደቂቃ ይከፈትና የፕሮሰሰሩና የካርዱ ሙቀት ይመዘገባል። ቀጥሎ የጎኑ መዝጊያ ተነሥቶ ሙከራው በዚያው ሁኔታ ይደገማል። መዝገቡ መያዝ ያለበት ከክፍሉ ሙቀት ያለውን ብልጫ ነው እንጂ በስክሪኑ ላይ የታየውን ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ያለዚያ የጠዋቱን ከማታው ጋር ማወዳደር አይቻልም። መዝጊያው ሲነሣ ሙቀቱ በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ብቻ ከወረደ የሳጥኑ መንገድ ደኅና ነው፤ ችግሩ በማቀዝቀዣው ግንኙነት ወይም በካርዱ ላይ ይፈለግ። በ10 ዲግሪ ከወረደ ግን ካርዱ በሽተኛ አይደለም፤ ሳጥኑ አየር ነሥቶታል። አየሩ የት እንደ ቆመ ለማየት ደግሞ የሚጤስ ሰንደል በፊቱ፣ በኋላውና በስንጥቆቹ አጠገብ በዝግታ ማሳለፍ ይበቃል። ጢሱ ከኋላ ወጥቶ በግድግዳው ተመልሶ በፊት ሲገባ የታየ እንደ ሆነ፣ ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ክንድ ማራቅ ብቻ መድኃኒት ይሆናል።

የድምፅ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም፤ በአንድ ክፍል የሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ ማራገቢያ የጠብ ምክንያት ነውና። የማራገቢያ ዙር በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው አየር በግማሽ፣ የሚፈጥረው ግፊት ወደ ሩብ፣ የሚፈጀው ኃይል ወደ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ድምፁም በ15 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ሁለት ተመሳሳይ ማራገቢያዎች አብረው ሲሠሩ የሚጨምሩት ድምፅ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድን በሙሉ ፍጥነት ከማሠራት ሁለትን በግማሽ ማሠራት ወደ 12 ዴሲቤል ያተርፋል። ነገር ግን ግፊቱ ወደ ሩብ መውረዱ አይዘንጋ፤ ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ በዝግታ የሚዞሩት ማራገቢያዎች ሁለቱም ባሉበት ይዞራሉ እንጂ አየር አያሳልፉም። በአዲስ አበባ የከፍታውን ጉድለት በዙር ብቻ ለመሙላት ፍጥነቱን በአንድ ሦስተኛ መጨመር ያስፈልጋል፤ የአየሩ መሳሳት ድምፁን ጥቂት የሚያለዝበው ቢሆንም ጭማሪው ወደ 4 ዴሲቤል ይደርሳል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ሊሞከር የሚገባው፣ አብዛኛው ገጣጣሚ ግን በመጨረሻ የሚያስታውሰው፣ ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ ነው። በሲሊከን ውስጥ የሚባክነው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር በካሬው ያድጋል። አምራቾች ከሚሠሩት ቺፕ ሁሉ ደካማው እንኳ እንዲሠራ በማሰብ ቮልቴጁን ከፍ አድርገው ይሰጣሉ። ብዙው ካርድ በ10 በመቶ ዝቅ ባለ ቮልቴጅ ያለ እክል ሊሠራ ይችላል፤ ይህም የባከነውን ኃይል በ19 በመቶ ገደማ ያወርደዋል። የኃይል ገደቡን በሶፍትዌር ዝቅ ማድረግም እንዲሁ ነው፤ የሚጠፋው የጨዋታ ፍጥነት ከሚተርፈው ዋት እጅግ ያነሰ ነው። ለውጡ በጥቂት በጥቂቱ ይደረግ፤ በየደረጃውም በረጅም ጨዋታ ይፈተን። ቀደም ሲል ለምሳሌ የቀረበው ኮምፒዩተር ከ500 ወደ 400 ዋት ቢወርድ፣ በእነዚያው ሦስት ማራገቢያዎች፣ በዚያው 150 ሜትር ኩብ፣ የሳጥኑ አየር በአዲስ አበባ በ10.6 ዲግሪ ብቻ ይሞቃል። ይህም በባሕር ወለል ያለ ሰው በ500 ዋት ከሚያገኘው በግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ይበልጣል፤ የተገዛ ዕቃም የለም።